ጣና ዳር ለሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ስትቀርጹ፦ ነፋሱ፣ ጋቢው፣ ዓመተ ምሕረቱ

የሐይቅ_ዳር_ሞገድ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር ላይ በሳምንት አንዴ የሚተላለፍ የ25 ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት እያሰናዳን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ርዕሶች ተወስነዋል፦ የደንገል ታንኳ አሠራር፣ የዘጌ ገዳማትና ቡናው፣ እምቦጭና ዓሣ አስጋሪዎች። እንግዶቹን ስቱዲዮ አንጠራም፤ ባሉበት ሄደን ነው የምንቀርጸው። ያለን አንድ የእጅ መቅረጫ፣ አንድ የደረት ማይክ፣ ከዚያ የየራሳችን ስልክ ነው። ሐይቁ ዳር ድምፅ እንዳይበላሽ ምን ይደረግ? ሽማግሌዎች የሚነግሩንን ዓመተ ምሕረትስ እንዴት እናጣራው? ገዳም ስንሄድ ማንን ነው የምናስፈቅደው? «ጥሩ ማይክ ግዙ» የሚለውን እናውቀዋለን፤ ገንዘቡ የለም።

ፈረቃ_ቴክኒሻን
ከማይኩ በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ። ጠዋት ጣና ይተኛል። ፀሐይ ከፍ ሲል የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሞገዱ ይጨመርበታል። ውጭ የምትቀርጹትን ሁሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሱ። ያን ሰዓት ካመለጣችሁ ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ጀርባ ገብታችሁ እንግዳው ጀርባውን ለነፋሱ እንዲሰጥ አስቀምጡት፤ ሰውነቱ ራሱ ማይኩን ይከልላል።

ነፋስ የማይኩን ሽፋን ሲመታ የሚፈጠረው ጉርምርምታ በኋላ በኮምፒውተር አይጠራም። ዝቅተኛ ድምፅ መቁረጫውን 80 ኸርዝ ላይ ማድረግ ይረዳል፣ የተቆረጠ ቃል ግን አይመልስም። ስፖንጅ ብቻውን ለቤት ውስጥ ነው። ውጭ ከሆናችሁ በስፖንጁ ላይ ፀጉር ያለው ጨርቅ ሰፍታችሁ አልብሱት፤ የሕፃን ብርድ ልብስ ቁራጭ ይበቃል። ጨርቁ ማይኩን አጥብቆ መያዝ የለበትም፣ በመሃሉ የጣት ውፍረት ያህል አየር ይኑር። ነፋሱ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

የደረት ማይክን በተመለከተ፦ ጋቢና ነጠላ ጠላቶቹ ናቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አንዴ ወደ ትከሻቸው ሲመልሱ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይጠፋል። ማይኩን ከውስጥ ሸሚዝ ላይ አድርጋችሁ ጋቢው ከላይ ከመጣበት ደግሞ ሙሉ ቃለ መጠይቁ «ሽክሽክ» ይላል። ወይ ከሁሉም ልብስ በላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ገመዱ በአንድ ቀለበት ተጠምዝዞ ይያዝ፤ ወይ ተዉትና በእጅ ያዙ። እኔ ለሽማግሌና ለካህን ሁልጊዜ የእጅ ማይክ ነው የምመርጠው። መስቀል ደረት ላይ ሲወዛወዝ፣ መቁጠሪያ ሲንቀሳቀስ፣ ጭራ ሲወናጨፍ ሁሉም የደረት ማይክ ውስጥ ይገባል።

የእጅ ማይክ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጉንጭ በኩል ትንሽ ዘንበል ብሎ፤ ያኔ «ጰ» እና «ፐ» አይፈነዱም። እንግዳው ራሱ እንዲይዘው አትስጡት። ሲናገር በእጁ ያስረዳበታል፣ ድምፁም አንዴ ይቀርባል አንዴ ይርቃል።

መጠኑ፦ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዋቭ (ያልታመቀ የድምፅ ፋይል)። ሰው ሲናገር ከፍተኛው ድምፅ በመቅረጫው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይምታ። ከበሮና ጸናጽል ካለ እስከ 20 አውርዱት፤ የከበሮ ምት መርፌው ሳያሳይ ያልፋል። አውቶማቲክ መጠን ማስተካከያውን አጥፉ፣ እንግዳው ዝም ባለ ቁጥር የዶሮውንና የባጃጁን ድምፅ ያነሳል።

ሽምብጥ
ፈረቃ ያለው ልክ ነው፣ ስለ ቤቱ ልጨምር። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አትቀመጡ። ዝናቡ ሲጀምር ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰውም አይደማመጥም። ሣር ክዳንና ጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት ከአብዛኛው የቢሮ ክፍል የተሻለ ድምፅ አለው፣ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ቢሮ ውስጥ ከተገደዳችሁ፣ ሲሚንቶና መስታወት ካለበት መሃል አትሁኑ። ወደ ጥግ ጠጋ በሉ፣ ከእንግዳው ጀርባ ጋቢ ወይም መጋረጃ ስቀሉ፣ ጠረጴዛው ላይም ጨርቅ አንጥፉ። ያልተሸፈነ ጠረጴዛ የእጅ ምትን እንደ ከበሮ ይመልሳል።

ስልክን በተመለከተ፦ ከመቅረጫው አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ጥሪ ሊገባ ሲል «ትር ትር ትርርር» የሚለው መቅረጫው ውስጥ ይገባል። የሁሉንም ሰው ስልክ፣ የእንግዳውንም ጭምር፣ በረራ ላይ አድርጉ። ሽማግሌው ልጃቸው ሊደውል ይችላል ብለው ካልፈቀዱ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። በስልክ ከቀረጻችሁም በዋቭ የሚቀርጽ መተግበሪያ ተጠቀሙ፣ ስልኩን ደግሞ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጡት እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይሁን።

የሐይቅ_ዳር_ሞገድ
በጣም አመሰግናለሁ። ጀልባ ላይ እየሄድን ዓሣ አስጋሪውን ብናናግረውስ? ስሜቱ ጥሩ ይሆናል ብለን ነበር።

ፈረቃ_ቴክኒሻን
በሞተር ጀልባ ከሆነ ተዉት። የሞተሩ ጩኸት ከሰው ድምፅ ጋር እዚያው ክልል ውስጥ ስለሚገባ መለየት አይቻልም። ይልቅ የጀልባውን ድምፅ ለብቻው 2 ደቂቃ ቅረጹ፤ ሞተሩ ሲነሳ፣ ሲሄድ፣ ሲጠፋ። ቃለ መጠይቁን ዳር ወጥታችሁ አድርጉ፣ በኋላ ሥር ሥሩን ታስገቡታላችሁ። ታንኳ ላይ ግን ይቻላል፤ መቅዘፊያው ውኃውን ሲመታ ለጆሮ ደስ ይላል። ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልሉ። ደንገል ውኃ ይመጥጣል፣ የሚቀመጥበት ቦታ ደረቅ የሚሆነው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ ከየቦታው ስትነሱ ሁሉም ዝም ብሎ 1 ደቂቃ የቦታውን ድምፅ ቅረጹ። ሲታረም በሁለት ንግግር መካከል የሚሞላው እሱ ነው። ካልቀረጻችሁት መቁረጫው ቦታ ላይ ጉድጓድ ይሰማል።

ደንገል_ታሳሪ
ስለ ታንኳው። ሬዲዮ እጅ አያሳይም፣ ስለዚህ «ታንኳ እንዴት ይሠራል?» ብላችሁ በአንድ ጥያቄ አትጨርሱት። እየሠራ እያለ በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ ደንገሉን ከየት አጨዱት? ስንት ቀን ፀሐይ ላይ ይደርቃል? እርጥብ ቢታሰር ምን ይሆናል? የሆዱ ውፍረት ስንት ስንዝር ነው? ርዝመቱስ ስንት ክንድ? አፍንጫው ለምን ወደ ላይ ይቆለመማል? በስንት ጊዜ ከውኃ ወጥቶ ይደርቃል? ስንት ሳምንት ያገለግላል? ቁጥሩን በክንድና በስንዝር ይንገሯችሁ፣ እናንተ በኋላ በሜትር ትሉታላችሁ። ሲያስሩ ማይኩን ወደ እጃቸው አውርዱ፤ የደረቀ ደንገል ሲጠብቅ የሚያወጣው ጩኸት አለ፣ ያንን የሰማ አድማጭ ሥራው ኃይል እንደሚጠይቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ጥንቃቄ የሚጠይቀው። ይህን ሥራ ከትውልድ ትውልድ ይዘው የቆዩት በአብዛኛው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ብዙ ጋዜጠኛ ገና እንደተቀመጠ ስለ ጉማሬ ሥጋ ይጠይቃል፤ ድሮ ይበሉ ነበር እየተባለ የተናቁበት ነገር ነው። ያን ጊዜ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የምታገኙት አጭር አጭር መልስ ነው። ስለ ሥራቸው፣ ስለ ቦታቸው፣ ደንገሉ ዳር ዳሩ ታርሶ ስለመጥፋቱ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ስለሚገጥማቸው ነገር ጠይቁ። በአየር ላይ ማኅበረሰቡን በምን ስም እንደምትጠሩትም ከመቅረጻችሁ በፊት እነሱን ጠይቁና በዚያው ጥሩ። ታንኳ ሠሪውን የቀን ሥራ አስፈትታችሁ ከሆነ ደግሞ የጊዜውን አስቡለት። ደግሞ ለሬዲዮ ብሎ የማይጓጓ ሰው አለ፣ አትጨቅጭቁት።

ዘጌ_ቡና
ወደ ዘጌ ስትመጡ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ከሀገረ ስብከት ደብዳቤ፤ ቀጥሎ የገዳሙን አበምኔት ወይም አስተዳዳሪ በአካል፤ ከዚያ ሊያናግሯችሁ የተመደቡትን መነኩሴ ወይም መምህር። በተቃራኒው ከሄዳችሁ አባ ቢፈልጉም አይናገሩም። ከመቅረጫው በፊት ሰላምታውን አድርሱ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ «አባ፣ የሚቀረጸው ይህን ያህል ደቂቃ ነው፣ የሚተላለፈው በዚህ ቀን ነው» በሏቸው።

ሰዓቱ፦ በጾም ወቅት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን 7 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ «አባቶች የሉም» አትበሉ። ጠዋት ይሻላል። እሑድ ደግሞ ጠዋቱ አይሆንም።

በቡድናችሁ ሴት ካለች ይህን አስቀድማችሁ ዕወቁ፦ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሴቶች ይገባሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ አይገቡም። ጀልባ ተከራይታችሁ ከደረሳችሁ በኋላ ጠያቂዋ ወደብ ላይ ከቀረች ዝግጅቱ ተበላሸ ማለት ነው። ኡራ ውስጥ ከቅኔ ማኅሌቱ በታች ቆማችሁ አትቅረጹ፣ ክቡ ሕንፃ ድምፁን ያንከራትተዋል። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ሥዕሎቹን አባ ከውጭ ሆነው ቢተርኩላችሁም ይበቃል።

ቡናውን በተመለከተ ሰው ሁሉ «የዘጌ ቡና ልዩ ነው» ብሎ ያልፋል። ልዩ ያደረገውን ጠይቁ። ባሕረ ገብ መሬቱ ላይ በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ይህ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የተያያዘ ትውፊት ነው። ደኑ የቆየው በዚህ ነው፣ ቡናውም የሚበቅለው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። እህሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የቡና ዋጋ ሲወርድ ዘጌ ቤት ውስጥ ምን ይጎድላል? የማገዶው ሽያጭስ ደኑን ምን አደረገው? የማኅበረሰብ ጉዳይ ማለት ይኸው ነው፣ ከተረቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

የታሪክ_መምህር
የዓመተ ምሕረቱን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ሽማግሌን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ይነግሯችኋል፣ ግን ግምት ነው። ሁለት ትላልቅ ክስተቶች ይዛችሁ መካከሉን አጥብቡ። በኪሳችሁ የሚሆን ወረቀት ይኑራችሁ፦ ጣሊያን 1928–1933፣ አብዮቱ 1966፣ የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 1967፣ ድርቁ 1977፣ የደርግ መውደቅ 1983፣ በክልሉ የመሬት ሽግሽግ 1989። «አብዮቱ ሲመጣ ሁለት ልጅ ነበረኝ» ያለች እናት የተወለደችው በ1940ዎቹ ውስጥ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። «መሬት ሲሸነሸን ጨቅላ ነበርኩ» የሚል ሰው ደግሞ የትኛው ሽንሸና እንደሆነ ይጠየቅ። 1967 እና 1989 በሰው አፍ በቀላሉ ይቀላቀላሉ።

ከውጭ የተጻፈ ዓመት ስታመጡ ስምንት ብቻ አትቀንሱ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ ወዲያ 8። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ጻፉ፤ የውጭው 2011 ከሆነ «በ2003 ወይም 2004» በሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ትውፊትን ከሰነድ መለየት ነው። ጣና ቂርቆስ ላይ ታቦተ ጽዮን ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀምጣለች የሚለው የገዳሙ ትውፊት ነው፤ «እንደ ገዳሙ ትውፊት» ብላችሁ አስተላልፉት፣ ትክክለኛ አነጋገሩም ይኸው ነው። ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማሠራታቸው ግን ታሪክ ነው፣ ሳታመነቱ በሉት። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ሰው ሁሉ «ፖርቹጋሎች የሠሩት» ይለዋል። ድልድዩ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ፖርቹጋላዊ ወታደሮች የመጡት ግን በ1541 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከመቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። እንግዳችሁ «በግራኝ ጊዜ የመጡት ሠሩት» ካሉ በአየር ላይ አትከራከሯቸው። ንግግራቸውን አስተላልፉ፣ ቀጥሎ በራሳችሁ ድምፅ ዘመኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር አቃኑ።

ውኃውን የሚመለከት ሲመጣም ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። ጨረጨራ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ነው። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ከፏፏቴው በላይ ውኃ ይወስዳሉ። ጣና በለስ ደግሞ ከሐይቁ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል፣ ሥራ የጀመረው በ2002 ዓ.ም.፣ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት። የጢስ ዓባይ ነዋሪ «ፏፏቴው በግድቡ ደረቀ» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ እዚያው ጠይቁት።

ፎገራ_ማሳ
እምቦጭ ላይ የምትሠሩት ከሆነ ዝግጅቱን የሚገድለው የሄክታር ቁጥር ነው። አንዱ ባለሙያ አንድ ቁጥር ይላል፣ ሌላው ሦስት እጥፉን፣ ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። አረሙ ከክረምት ማግስት ይሰፋል፣ በበጋ ይቀንሳል፤ ነፋስ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይገፋዋል። ስለዚህ ቁጥር በተባለ ቁጥር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየትኛው ወር ተለካ? በሳተላይት ነው በእግር? ውኃው ላይ ያለው ብቻ ነው ወይስ የደረቀውም ዳር? ገበሬው በቃዳ ሲናገር ወደ ሄክታር ለመለወጥ አትቸኩሉ፤ ብዙ ቦታ ሩብ ሄክታር ነው፣ ግን የአካባቢውን አረጋግጡ።

ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን በ2011 ነው፣ መነሻውም ሰሜን ምሥራቁ፣ የመገጭ አፍ አካባቢ። ባሕር ዳር ተቀምጦ የሚሠራ ዝግጅት ይህን ይረሳና ሸክሙን የተሸከመውን ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን ሳያናግር ያልቃል። እዚያ ሂዱ። «ነቅላችሁ የት ጣላችሁት?» በሉ። ዳር ላይ የተከመረ እምቦጭ ውኃ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ለዚህ ነው በአንድ ዘመቻ የማያልቀው።

ዓሣ አስጋሪውን «ዓሣ ቀንሷል?» አትበሉት፣ «አዎ» ይላችሁና ያበቃል። ቀረሶ ነው አምባዛ ነው የቀነሰው? መረቡ ዓይኑ ስንት ጣት ነው? በክረምት ወንዝ አፍ ላይ ማን ያጠምዳል? ጣና ላይ ብቻ የሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ የሚወጡት በክረምት ነውና፣ ያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ እንቁላል የያዘችውን ነው የሚያስቀረው። ይህን ሁሉም አስጋሪ ያውቃል፤ በአየር ላይ የሚናገረው ግን ጥቂቱ ነው።

አርታኢት
ሁላችሁም ስለ መቅረጽ ጻፋችሁ፣ እኔ ስለሚጣለው ልጻፍ። የ1 ሰዓት ንግግር በእጅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። አስሉት፤ ከአንድ እንግዳ ከ40 ደቂቃ በላይ አትቅረጹ። ሙሉውን መገልበጥ ካልቻላችሁ በየደቂቃው ምን እንደተባለ በአንድ መስመር ያዙ፤ «14፡20 – የመሬት ሽግሽጉ፣ 17፡05 – ያለቀሱበት» እያላችሁ።

25 ደቂቃው ሲከፋፈል መግቢያ፣ መሸጋገሪያና መዝጊያ ከ4 ደቂቃ አይለፍ። የቀረው የእንግዳ ነው። ጠያቂው ረጅም ጥያቄ ሲጠይቅ እሱን ቆርጣችሁ መልሱን ብቻ ማስገባት እንድትችሉ እንግዳው ጥያቄውን በመልሱ ውስጥ እንዲደግመው አስቀድማችሁ ንገሩት። «አዎ፣ በዚያን ጊዜ» ብሎ የጀመረ መልስ ብቻውን አይቆምም።

ጠያቂው «እህ»፣ «እሺ»፣ «ውይ» እያለ በንግግሩ ላይ መደረቡን ያቁም፤ በራስ ንቅናቄ ይበቃል። እንግዳው ሲያቆም 3 ሰከንድ ጠብቁ። ፈረቃ ዝምታን እንደ ጉድለት ያየዋል፣ እኔ አልስማማም፤ ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው። ስትቆርጡም ትንፋሹን ተዉለት። ትንፋሽ የሌለው የሽማግሌ ንግግር የማስታወቂያ ይመስላል።

ስም የተጠራበት ክስ ካለ፣ ቀበሌውም ሆነ መሥሪያ ቤቱ የተባለውን ያንኑ ቃል ሰምቶ እንዲመልስ ዕድል ስጡ፤ «ተጠይቀው ፈቃደኛ አልሆኑም» ለማለት መቼና በምን እንደጠየቃችሁ የተጻፈ ይኑር። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን አንብቡት፣ የጥላቻ ንግግሩንም 1185/2012። አንድ ብሔር ወይም እምነት ላይ የተወረወረ ቃል እንግዳው ቢለውም ያስተላለፋችሁት እናንተ ናችሁ።

ፈረቃ_ቴክኒሻን
@አርታኢት ዝምታን ማን ጠላ እህቴ፣ የጠላሁት አውቶማቲኩ ዝምታው ላይ የሚያነሳውን ባጃጅ ነው።

የሐይቅ_ዳር_ሞገድ
መምህር፣ ያሉትን ወረቀት ዛሬውኑ አትመነዋል፣ እግዜር ይስጥልን። ሁለት የመጨረሻ ጥያቄዎች። የፋይሉ አቀማመጥ እንዴት ይሁን? እንግዶቹ «ከመተላለፉ በፊት አሰሙን» ቢሉስ?

ፈረቃ_ቴክኒሻን
የፋይል ስም በቁጥር ይሁን፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ የቦታ ቁጥር፣ የእንግዳ ቁጥር። በፊደል የጻፋችሁት ስም አንዳንድ የቆየ ኮምፒውተር ላይ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ደብተር ላይ ይጻፍ። እያንዳንዱ ቅጂ ሲጀምር እንግዳው ራሱ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ይናገር፣ ደብተሩ ቢጠፋም ድምፁ ይመሰክራል።

በ24 ቢት፣ በአንድ ቻናል፣ 1 ሰዓት 520 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። ባለ 32 ጊጋ ካርድ ከበቂ በላይ ነው፣ ግን ሞልታችሁ አትጠቀሙበት። ማታውኑ ኮምፒውተር ላይና ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ሁለቱንም ከፍታችሁ ሰምታችሁ ካርዱን ከዚያ በኋላ አጥፉ። በኤምፒ3 የምታስቀምጡት ለስልክ የምትልኩትን ብቻ ነው።

አርታኢት
ማሰማቱን በተመለከተ፦ ጥሬውን አታሰሙ፣ የታረመውንም ለማጽደቅ ብላችሁ አታሰሙ። ባለሥልጣን ከሆነ በተለይ። ነገር ግን ስም፣ ቀን፣ የዘር ሐረግ፣ የጸሎት ቃል ያለበትን ክፍል ለገዳሙ መምህር ወይም ለቤተሰቡ አሰምታችሁ ስህተቱን ማስተካከል ይገባል። ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ተናግሮ በማግስቱ «ያንን አውጡልኝ» ካለ አውጡት፣ አትከራከሩት። ከተላለፈ በኋላ ሙሉ ቅጂውን በፍላሽ ለገዳሙና ለታንኳ ሠሪው ቤተሰብ ስጡ። ቀጣዩ ዝግጅት ላይ በሩ የሚከፈትላችሁ በዚያ ነው።

ዘጌ_ቡና
ለገዳሙ ፍላሽ ብቻ አይበቃም፣ የሚከፍቱበት ላይኖር ይችላል። ፍላሽ የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ ካላቸው በኤምፒ3 አድርጋችሁ ስጡ፣ ዋቩን ላያነብ ይችላል። የሚተላለፍበትን ሰዓት ደግሞ ቀደም ብላችሁ አስነግሩ፤ 11 ሰዓት ላይ ከሆነ ግማሹ ሰው ቡና ለቀማ ላይ ነው።